ከአቃቂ ቃሊቲ ለእህቴ

ለውድ እህቴ፣ ደሴ፤

ልጅሽ ቻይንኛ ካልተማርኩ እያለች ማስቸገሯን ጽፈሽልኝ ነበር። መልሴን ከዚህ ልላክልሽ።

አቃቂ ቃሊቲ የቻይና እጅ የበዛበት ክፍለ ከተማ ነው። ከስታዲየም በሳሪስ አድርጎ ያመጣኝ፣ በመስከረም 2008 ሥራ የጀመረው ባቡር የቻይና ሥራ ነው። ከቱሉ ዲምቱ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድም እንዲሁ። ጥሩነሽ ዲባባ በ2000 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይ በ5 ሺህም በ10 ሺህም ሜትር ወርቅ አጥልቃ የለ? በስሟ የሚጠራውን ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልንም ያሠራው የቻይና መንግሥት ነው።

አንድ ፋብሪካ በር ላይ ያየሁትን ልንገርሽ። በቻይንኛና በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ ማስታወቂያ በፕላስተር ተለጥፏል። ከፈረቃ የወጡት ሠራተኞች ከበውታል፤ ሁሉም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንግሊዝኛ የተማሩ ናቸው፣ ግን ደፍሮ የሚያነብ ጠፋ። በመጨረሻ ማታ ማታ ቻይንኛ የሚማር አንድ ልጅ አነበበላቸው፤ እሑድም ሥራ አለ ይላል። ልጁ በዚህ አልበቃውም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሳምንት የዕረፍት ቀን ለሚሠራ ሰው የሰዓቱ ክፍያ እጥፍ እንደሆነ፣ ትርፍ ሰዓትም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንደማያልፍ ነገራቸው። ይህንንም ቻይንኛ ትምህርት ላይ ነው ያገኘኸው ብዬ ብጠይቀው «እዚያማ ሰላምታና ገበያ ነው!» ብሎ ሳቀ።

የፋብሪካው ቻይናዊ ፎርማን አማርኛ ይሞክራል፤ ግን አባቱ የሚሆኑትን ዘበኛ «አንተ» እያለ ነው የሚያዝዘው። ያስተማረው ሰው አክብሮቱን ትቶ ትእዛዙን ብቻ ሰጥቶታል። እኛም ብንሆን አንሻልም። የሰፈሩ ልጆች ባለፈ ባገደመ እስያዊ ላይ «ቻይና! ቻይና!» ይጮኻሉ፤ በኮሪያ ጦርነት የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃ የዘመተላቸው ኮሪያውያን እንኳ አልቀረላቸውም። ይህን ነውር የሚያርም አስተማሪ በየትኛውም ቋንቋ ክፍል አላየሁም።

ስለዚህ ልጅቷን አትከልክያት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኮንፊሽየስ ተቋም አለው፤ እዚያ ትጠይቅ። ግን አዋጁን ከቻይንኛው ጎን ለጎን ታንብብ፤ አለዚያ የሌላ ሰው ትእዛዝ አመላላሽ ሆና ትቀራለች። ኦሮምኛም ትጨምርበት፤ አቃቂ ላይ ብዙ ሠራተኛ ያወራዋል። ቶሎ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ