ከጭልሞ ግርጌ የተገኘ ቀለህ

እናቴ የቡና ስኒዎቿን ከምታኖርበት ሣጥን ጥግ አንድ የጥይት ቀለህ አለ። ጊንጪ ላይ፣ ከጭልሞ ደን ግርጌ ካለው ቤታችን ፊት ለፊት ከሚያልፈው ቦይ ያገኘችው በ2008 ዓ.ም. ነው። ዓመቱን አንባቢ አይዘነጋውም፤ የጊንጪ ተማሪዎች በኅዳር ወር የደኑን መመንጠርና የከተማዋን የስፖርት ሜዳ ጉዳይ አንሥተው አደባባይ የወጡበት፣ ነገሩም ከዚያች ትንሽ ከተማ ተነሥቶ ኦሮሚያን ያዳረሰበት ዓመት ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በሰኔ 2016 ባወጣው ሪፖርት የሟቾቹን ቁጥር ከ400 በላይ አድርሶታል። የጎረቤታችን ልጅ የወደቀው ከዚያው ቦይ አጠገብ ነበር።

ለፋሲካ ወደ ቤት በሄድኩ ጊዜ ቀለሁን ወደ ብርሃን አውጥቼ ግርጌውን አነበብኩት። ሁለት ቁጥሮች ብቻ ታትመውበታል፤ 270 እና 78። (የማስተምረው ትምህርት ከጦር መሣሪያ ጋር አይገናኝም፤ ሆኖም ዶክትሬት ሌላው ቢቀር ሰነድ ማገላበጥ ያስተምራል።) 270 በሶቪየት ኅብረት ዘመን ቮሮሺሎቭግራድ ትባል በነበረችው በሉሃንስክ ከተማ የነበረው የጥይት ፋብሪካ መለያ ነው። 78 ደግሞ ዓመቱ ነው፤ እ.ኤ.አ. 1978። ሞስኮ ለደርግ መንግሥት በአውሮፕላንና በመርከብ መሣሪያ ያጎረፈችበት፣ የሶማሊያ ጦርነት ጊዜ መሆኑ ነው። ጥይቷ ከዚያ ጭነት የተረፈች ሳትሆን አትቀርም። ለዚያድ ባሬ ወታደር የታሰበች ጥይት 37 ዓመት ቆይታ ጊንጪ ላይ ከተማሪ ደጃፍ ተተኮሰች ማለት ነው። የትና መቼ እንደተሠራች ቀለሁ ይናገራል። ከማን እጅ እንደወጣች ግን አንዲት ፊደል አይልም።

ለመሆኑ ይህ ዝምታ ከየት መጣ? መሣሪያን መዝግቦና ምልክት አድርጎ የመከታተል ሕግ በእኛ ምድር አሮጌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1890 በብራስልስ የተፈረመው ውል ከ20 ዲግሪ ሰሜን እስከ 22 ዲግሪ ደቡብ ባለው የአፍሪካ ክፍል ዘመናዊ ጠመንጃ እንዳይገባ ከለከለ፤ በልዩ ፈቃድ በግለሰብ እጅ የሚገባውም እንዲመዘገብና ማኅተም እንዲያርፍበት ደነገገ። ኢትዮጵያ በዚያ ወሰን ውስጥ ነበረች። ምክንያቱ የባሪያ ንግድን መግታት ነው ተባለ፤ ጊዜው ግን ከዓድዋ ስድስት ዓመት በፊት መሆኑን ልብ ይሏል። ከዚያ ወዲህ የላኪዎቹ ጥያቄ ብዙም አልተለወጠም፤ «የሸጥነው መሣሪያ ካልፈቀድነው እጅ ገባ ወይ?» የሚል ነው። የጊንጪ እናት ጥያቄ ሌላ ነው። እርሷ የምትጠይቀው ማን እንደተኮሰ ነው።

ኢትዮጵያ የፈረመችው የ2004ቱ የናይሮቢ ፕሮቶኮል ጠመንጃ ሲመረት የአምራቹ ስም፣ አገሩና ተከታታይ ቁጥሩ፣ ወደ አገር ሲገባ ደግሞ ያስገባው አገርና ዓመቱ እንዲታተምበት ያዛል፤ በመንግሥት እጅ ያለውንም አይተውም። በተባበሩት መንግሥታት በ2005 የጸደቀው የክትትል ሰነድ የምርት መዝገብ ቢያንስ 30 ዓመት፣ ሌላው መዝገብ ቢያንስ 20 ዓመት ይቆይ ይላል። መልካም ነው። ነገር ግን ይኸው ሰነድ ጥይትን ከነአካቴው አይመለከትም። ጠመንጃው ደግሞ ተኩሶ ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል፤ ከሟች አጠገብ የሚቀረው ቀለህ ነው።

የማይቻል ነገር ቢሆን ዝም ባልኩ። ብራዚል በ2003 ባወጣችው ሕግ ለፖሊስና ለጦር ሠራዊት የሚሸጥ ጥይት ሁሉ ግርጌው ላይ የምርት ጥቅሉ ቁጥር እንዲታተምበት አዘዘች። በ2011 ፓትሪሲያ አሲዮሊ የተባለች ዳኛ ከቤቷ ደጅ ስትገደል የቀለሆቹ ቁጥር መርማሪዎቹን ወደ አንድ የፖሊስ ሻለቃ መራቸው፤ አዛዡን ጨምሮ ፖሊሶች ተፈረደባቸው።

እኛም ከአምቦ ብዙ ሳይርቅ ሆሚቾን የመሰለ የጥይት ፋብሪካ አለን፤ ከሩቅ አገር የመጣ ጥይት ብቻ አይደለም በእጃችን ያለው። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ገበሬው ጠመንጃውን አስመዝግቦ ፈቃድ እንዲያወጣ ተደንግጓል፤ አልቃወምም። እኔም ከዩኒቨርሲቲው ንብረት ክፍል አንድ ፓኮ ማርከር ለመውሰድ ሞዴል 22 ላይ እፈርማለሁ። እንግዲህ ለማርከር የተገኘው ፊርማ ለጥይት እንዴት ይጠፋል? «ወታደራዊ ምስጢር ነው» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። በግምጃ ቤት ስንት ሣጥን እንዳለ ይነገረኝ አላልኩም። የምለው፣ ሰው ሞቶ ዳኛ ሲጠይቅ ይህ ጥቅል ለየትኛው ክፍል፣ በማን ፊርማ እንደወጣ የሚያሳየው ገጽ ይከፈት ነው። የፋብሪካ ቁጥርና ዓመት ብቻ የያዘ ቀለህ ይህን ገጽ ሊያስከፍት አይችልም፤ የትኛውን ገጽ ብሎ?

እናቴ ስኒዎቹን እያጠበች ታየኝ ነበር።

«ምን ይላል?» አለችኝ በኦሮምኛ።

«ሉሃንስክ በምትባል ከተማ፣ በፈረንጅ 1978 ተሠራ ይላል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምንም አልተጻፈበትም።»

እጇን በቀሚሷ አድርቃ ተቀበለችኝ፤ ከሣጥኑም ጥግ መለሰችው።