እነርሱ ወደዚህ፣ እኛ ወደዚያ

ክረምቱ ወጥቶ የጥቅምት ሰማይ ሲጠራ የወሎ ሐይቆች የሩቅ አገር እንግዶችን ይቀበላሉ። በአውሮፓና በእስያ ብርዱ ሲበረታ ዳክዬው፣ ሽመላው፣ ጭልፊቱ ወደኛ ይመጣል። በሐይቅና በአርዲቦ ዳርቻ የሚኖር ሰው መምጣታቸውን ያውቃል። ለመሆኑ በየት በኩል አልፈው ይሆን የመጡት?

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በአንድ የጥቅምት ቅዳሜ፣ ሱብሂን ሰግደን ከመርሳ ሚኒባስ ያዝን። አብሮኝ የነበረው የ17 ዓመት የእህቴ ልጅ ነው። ውርጌሳን አልፈን ሐይቅ ስንደርስ ጉሙ ገና ከውኃው ላይ አልተነሳም። ቄጠማው አጠገብ ተቀመጥን። ፀሐይ ስትወጣ ጅራታቸው የሾለ ዳክዬዎች ታዩን፤ ቆየት ብሎም አንድ ነጭ ሽመላ። ከሁሉ ያስደሰተን ግን እንደልብ የማይገኘው ዓሣ አዳኙ ጭልፊት ነው። ክንፉን እያራገበ አየር ላይ ቆመ፤ ከዚያም እግሩን አስቀድሞ ውኃው ውስጥ ገባና ዓሣውን በጥፍሩ ይዞ ወጣ።

«ሱብሃነላህ! አጎቴ፣ ይኼ ከየት ነው የመጣው?»

ከሰሜን የሚመጡ ብዙ አእዋፍ የዐረብን ምድር አቋርጠው በባብ ኤል መንደብ እንደሚሻገሩ ነገርኩት። ንስርን የመሰሉ በሞቃት አየር የሚንሳፈፉ ወፎች ሰፊ ባሕር ስለሚከብዳቸው ጠባቡን ቦታ ይመርጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 ጅቡቲ ጠረፍ ላይ የቆጠሩ ሰዎች በአንድ የጉዞ ወቅት ብቻ ከ240 ሺህ በላይ አዳኝ አእዋፍ መዝግበዋል።

ልጁ ዝም አለና፣ «እነርሱ ወደዚህ፣ እኛ ወደዚያ» አለኝ።

ነገሩ ገባኝ። ከወልድያ፣ ከመርሳና ከሀብሩ ገጠሮች የሚወጡ ወጣቶች በአፋር በረሃና በጅቡቲ አድርገው፣ ያንኑ አካባቢ ባሕር በጀልባ ተሻግረው በየመን ወደ ሳዑዲ ይጓዛሉ። ከክፍል ጓደኞቹ 3ቱ ሄደዋል፤ የአንዱ ድምፅ ከኦቦክ ወዲህ አልተሰማም። እርሱንም ደላላ አነጋግሮታል።

አልተቆጣሁትም። ስለ አንድ ሌላ ወፍ አወራሁለት። ፊቱና ራሱ ላባ የሌለው፣ መንቆሩ ቀይና ቆልማማ የሆነ የጋጋኖ ወገን ነው። በቱርክ የቢሬጂክ ሰዎች ይህ ወፍ ለሑጃጆች የመካን መንገድ ይመራል ብለው ያከብሩት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 በሶርያ በረሃ፣ በተድሙር አጠገብ፣ 7 ብቻ ተገኙ። በ2006 በ3ቱ ላይ የሳተላይት መከታተያ ታሰረ፤ በሳዑዲና በየመን አልፈው የብርዱን ወራት የሚያሳልፉት በአገራችን ደጋ ሆኖ ተገኘ። የዚህ ወፍ ጫጩት መንገዱን የሚማረው ከአዋቂዎቹ ጋር አብሮ በመብረር ነው። አዋቂዎቹ ሲያልቁ መንገዱም አብሮ ይጠፋል፤ የተድሙሩ መንጋም እየተመናመነ ሄዶ ጠፋ።

በሱረቱል አንዓም አእዋፍ እንደኛው ማኅበረሰብ መሆናቸው ተነግሮናል። የእነርሱ መሪ የሚመራውን ይዞ አብሮ ባሕሩን ይሻገራል። ደላላ ግን ገንዘቡን ተቀብሎ ይቀራል እንጂ ከላከው ልጅ ጋር ጀልባ ላይ አይወጣም።

ውድ ወላጆች፣ «አትሂድ» ማለት ብቻውን መንገድ ማሳየት አይደለም። ልጁ ከደላላው ጋር ከመቀመጡ በፊት እኛ አብረነው እንቀመጥ፤ ትምህርቱንም፣ ሥራውንም፣ የሄዱትን ሰዎች እውነተኛ ታሪክም አብረነው እናንሳ። አላህ የሄዱትን በሰላም ይመልስልን።