ቡናው ዓለምን ዞረ፣ ቆጮው መናኸሪያ ቀረ

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የአውቶቡስ መናኸሪያ በር ላይ ዕድሜው ወደ አርባ የሚጠጋ ሰው ቆሞ ከቦንጋ የሚመጣለትን ዕቃ ይጠብቃል። አውቶቡሱ ገባ። ረዳቱ በማዳበሪያ የተቋጠረውን ዕቃ እያቃሰተ አወረደለት።

«ምንድነው እንዲህ የሚከብደው?»

«ቆጮ ነው።»

«ቆጮ? ወንድሜ፣ መርካቶ ሞልቶልህ የለም እንዴ! ለዚህ ብለህ ነው ከቦንጋ ድረስ የምታስጭነው?»

ሰውዬው ሳቀና የጭነቱን ከፍሎ ሄደ። መልስ አልሰጠም። መልሱ መናኸሪያ በር ላይ ቆመው የሚጨርሱት አይደለም።

ረዳቱ ግን አልተሳሳተም። አዲስ አበባ ውስጥ ቆጮ ሞልቷል። መርካቶ ጥሬው ይሸጣል። የክትፎ ቤት በሌለበት ሰፈር መኖር ከባድ ነው። የቦንጋው ልጅም ወደ ከተማው ከመጣ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ በነዚህ ዓመታት ያልሞከረው ቤት ጥቂት ነው። አንዱ ጋ ሳሳ ብሎ፣ አንዱ ጋ ደረቅ ብሎ፣ ሌላው ጋ በትንንሹ ተቆርጦ በሰፌድ ይቀርብለታል። መጥፎ ሆኖ አይደለም። በሙያ የተሠራ፣ ለክትፎ ልክ የሆነ የጉራጌ ቆጮ ነው። ቅቤውና ሥጋው አብረውት ስለሚመጡ እሱ ሳሳና ደረቅ ማለቱ ያምርበታል። ችግሩ ሰውዬው የሚፈልገው ሌላ መሆኑ ነው።

እሱ ባደገበት ቤት ቆጮ የምንም ነገር ማጀቢያ አልነበረም፤ ምግቡ ራሱ ነበር። ወፈር ብሎ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ይጋገራል፤ ቅጠሉ ሲገለጥ እንፋሎቱ ፊት ላይ ይመጣል። ጠዋት ከቡና ጋር፣ ማታ ከጎመን ጋር፣ ማር በተቆረጠ ሰሞን ደግሞ ከማር ጋር ይበላል። ሽታው ከቤቱ ጭስና ከጓሮው ቅጠል ጋር የተቀላቀለ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ያጣው ይህንን ነው። አንድ ሰው «ቆጮ አገኘህ ወይ?» ቢለው «አዎ» ይላል፤ «የእናትህን?» ቢለው ዝም ይላል።

አንድ ጊዜ ራሱ ሊሞክር ተነሳ። ከገበያ ጥሬ ቆጮ ገዛ። ቅጠሉን አላጣም። አዲስ አበባ ለበዓል ድፎ ዳቦ የሚደፋበት ኮባ የእንሰት ቅጠል ነውና፣ «እንሰት በልቼ አላውቅም» የሚለው የሰሜን ሰው እንኳ የእንሰትን ሽታ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ሊጡን በጨርቅ ጨመቀው፣ ቃጫው እንዲጠፋ በቢላ ከተከተው፣ አሸው፣ በቅጠል ጠቅልሎ የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ጣለው። ወጣ። ለልጁ ቆርሶ ሰጣት። የሰባት ዓመቷ ልጅ አንዴ ጎርሳ ቀና አለችና «አባዬ፣ ክትፎው የታለ?» አለችው።

በሳምንቱ እናቱ ጋ ደውሎ ጥሬ ቆጮ እንድትልክለት ጠየቀ።

ሩቅ አገር ላለ አንባቢ ይህ ሁሉ ስለ አንድ ቂጣ መንገብገብ ይመስለው ይሆናል። የቦንጋው ልጅ ግን በዓለም ላይ ብቻውን አይደለም። ከኒውዮርክ የወጣ ሰው የትም ቢሄድ ቤግል ሲያማርጥ ነው የሚገኘው። ቤግል መሃሉ ቀዳዳ ያለው ክብ ዳቦ ሲሆን ከመጋገሩ በፊት በፈላ ውሃ ይቀቀላል። በሌላ ከተማ የተጋገረውን ቀምሶ የማይነቅፍ ኒውዮርካዊ ጥቂት ነው፤ ብዙዎቹም ምክንያቱ «የኒውዮርክ ውሃ ነው» ይላሉ። ውሃው ይሁን፣ እጁ ይሁን፣ ናፍቆቱ ይሁን ክርክሩ አላለቀም።

የቤግል ዘመድ የሆነው ቢያሊ ታሪኩ የበለጠ ያሳዝናል። መሃሉ ጎድጎድ ያለ፣ ጉድጓዱ ላይ ሽንኩርት የሚደረግበት፣ ሳይቀቀል የሚጋገር ዳቦ ነው። ስሙን ያገኘው ከሰሜን ምሥራቅ ፖላንዷ ቢያሊስቶክ ነው፤ የከተማዋ አይሁዶች የዕለት እንጀራ ነበር። ከመካከላቸው ወደ ኒውዮርክ የተሰደዱት ዳቦ ቤት ከፈቱ፤ በ1936 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኮሳር ዳቦ ቤት ዛሬም ግራንድ ስትሪት ላይ ይጋግራል። ቢያሊስቶክ የቀሩትን ናዚዎች ፈጇቸው። የምግብ ጸሐፊዋ ሚሚ ሸራተን ቢያሊን ፍለጋ እስከ ቢያሊስቶክ ሄዳለች፤ በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ እንደምትተርከው ዳቦው በተወለደበት ከተማ ጠፍቷል። ሰዎቹ ሲጠፉ አብሯቸው ጠፋ፤ ሰዎቹ በሄዱበት ግን ኖረ።

ምግብ ብቻውን አይሰደድም፤ ሰው ይዞት ነው የሚሄደው። የጉራጌ ቆጮ አዲስ አበባን የያዘው ከሌላው ቆጮ ስለሚበልጥ አይደለም። የጉራጌ ነጋዴ መርካቶ ገብቶ፣ ሱቅ ከፍቶ፣ ክትፎ ቤት አቋቁሞ፣ ቆጮውን ለራሱም ለደንበኛውም ስላቀረበ ነው። እንጀራም ዋሽንግተን የገባው በዚሁ መንገድ ነው። የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች ጤፍ ስላጡ ባገኙት ዱቄት እየጋገሩ ቻሉት። በኋላ ጤፍ አይዳሆ ላይ መመረት ጀመረ፤ እንጀራም ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መጫን ያዘ። ይህ ሁሉ የሆነው ዋሽንግተን ውስጥ «ያለ እንጀራ አልኖርም» የሚል ሕዝብ ስለተሰበሰበና ከመካከሉ ሱቅ የከፈተ ስለነበረ ነው።

አሁን ወደ ካፋ እንመለስ። ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ቦንጋ፣ ለዓለም ቡናን የሰጠ አካባቢ እምብርት ናት። የአረቢካ ቡና የዘር መገኛ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ነው። «ኮፊ» የሚለው ስም «ካፋ» ከሚለው መጣ ወይስ አልመጣም በሚለው ሊቃውንት ይከራከራሉ፤ ቡናው ከዚያ ጫካ መውጣቱ ግን የሚያከራክር አይደለም። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የካፋን ደን በዓለም አቀፍ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል፤ ስፋቱ ወደ 760 ሺህ ሄክታር ይደርሳል። ብሔራዊ የቡና ሙዚየምም ቦንጋ ላይ ተሠርቷል።

ነገር ግን ቡናው የሄደበት መንገድ ከእንጀራው የተለየ ነው። ቡናው የወጣው ያለ ሰዎቹ ነው። በየመን አድርጎ፣ በቱርክ አድርጎ፣ አውሮፓ ገብቶ፣ ብራዚል ተተክሎ የሁሉም ሆነ፤ የትኛው ጓሮ እንደወለደው የሚጠይቅም ጠፋ። ኢትዮጵያ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. ጀምሮ የቡና ስሞቿን በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስትነሳ፣ ከአሜሪካው ስታርባክስ ጋር ያነታረኳት ሦስቱ ስሞች ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ ነበሩ። ካፋ አልነበረችበትም። የካፋ ልጅ አዲስ አበባ ካፌ ገብቶ ቡና ሲያዝ አያቶቹ ከጫካ የለቀሙትን ዛፍ ዘር እየጠጣ ነው፤ አስተናጋጁም እሱም ይህን አያስታውሱም።

እንግዲህ ካፋ ሁለት ነገር ነበራት። አንዱ ያለ ባለቤቱ ዓለምን ዞረና ስሙን ረሳ። ሌላው የሚሸከመው ሰው ስላጣ ካገሩ አልወጣም፤ ከወጣም በማዳበሪያ ተቋጥሮ እስከ መናኸሪያ ነው።

አገሩ መቅረቱስ ዋስትና ይሆነዋል? ነገሩ ከናፍቆት የሚያልፈው እዚህ ላይ ነው። እንሰት ቸኩሎ አይደርስም፤ እንደ ዝርያውና እንደ ከፍታው ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈልጋል። ሲደርስ ይፋቃል፤ የተፋቀው ጉድጓድ ውስጥ በቅጠል ተሸፍኖ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይብላላል። ፍቂው፣ መጭመቁ፣ መክተፉ፣ የጉድጓዱን ቅጠል መለወጡ አብዛኛው በሴቶች ጫንቃ ላይ ነው። የትኛው የእንሰት ዝርያ ለቆጮ፣ የትኛው ለቡላ፣ የትኛው ተቀቅሎ ለሚበላው አሚቾ እንደሚሆን የሚያውቁትም እነሱ ናቸው። ይህ እውቀት መጽሐፍ ላይ ሳይሆን ጣት ላይ ነው ያለው።

በዚያ ላይ የእንሰት አጠውልግ የሚባለው በሽታ አለ። በ1968 እ.ኤ.አ. ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ተመራማሪዎች መንስኤው ባክቴሪያ መሆኑን ገልጸው ጻፉ፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም ዛሬ ፍቱን መድኃኒት የለውም። የተያዘውን ተክል ነቅሎ መቅበር፣ የነካውን ቢላ በእሳት ማጽዳት ነው መፍትሔው። ሰባት ዓመት የጠበቁት ተክል በሳምንታት ሲጠወልግ ያየ ገበሬ በቦታው በቆሎ ቢዘራ ማን ይፈርድበታል?

የሰውዬው እናት ጓሮም ቀንሷል። ዕድሜዋም ሄዷል። ልጆቿ ሁሉ ከተማ ናቸው። ቦንጋ ራሷ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የአዲስ ክልል መቀመጫ ሆና፣ ዩኒቨርሲቲም ይዛ እየሰፋች ነው። ሆቴል ገብቶ ምሳ ለሚያዝ እንግዳ ግን ቶሎ የሚቀርብለት እንጀራ ነው። ይህ ነውር አይደለም፤ ግን ቢያሊስቶክን ያስታውሳል። እዚያ ዳቦውን ያጠፋው ጭፍጨፋ ነው፤ እዚህ ማንም ማንንም ሳይነካ ቀስ በቀስ ሊጠፋ ይችላል።

«ቆጮ ምን ይጠቅማል? ፕሮቲኑ ትንሽ ነው» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ለዚህም ነው ከጎመን፣ ከአይብ፣ ከሥጋ ጋር የሚበላው። ነገር ግን ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ኢትዮጵያዊ በእንሰት ላይ ተመርኩዞ ይኖራል። ዝናብ በቀረ ዓመት ጓሮ ቆሞ የሚጠብቅ ምግብ ነው፤ በፈለጉት ወር ይቆረጣል። ረሃብ በተደጋገመበት አገር ይህንን ዕውቀት ማጣት የጣዕም ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይችልም።

ብዙ ጊዜ የሚቀርበው መፍትሔ የባህላዊ ምግብ ኤግዚቢሽን ነው። ድንኳን ይተከላል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ባለሥልጣን ይቀምሳል፣ ካሜራ ያነሳል፤ በማግስቱ ድንኳኑ ይነቀላል። ምግብን ያኖረው ድንኳን ግን የለም፤ ያኖረው ሱቅ ነው። አምስት የቦንጋ ሴቶች አዲስ አበባ ላይ አንድ ክፍል ተከራይተው፣ በሳምንት ሁለት ቀን የሚመጣ ጥሬ ቆጮ እየተረከቡ በቅጠል እየጋገሩ፣ ከካፋ ቡናና ከካፋ ማር ጋር በስሙ ቢሸጡ ከአሥር ኤግዚቢሽን ይበልጣል። ክልሉ በየመድረኩ ስለ ቡና ከሚያወራው ጥቂቱን ለመፋቂያ መሣሪያ፣ ለንጹሕ ማሸጊያና ለእነዚህ ሴቶች መነሻ ብድር ቢያውለው ገንዘቡ የት እንደገባ ይታያል። ቡናው ያለ ሰዎቹ ወጥቶ ምን እንደሆነ ታይቷል። ቆጮው ከወጣ አይቀር ከሴቶቹ ጋር ይውጣ።

ያን ቀን ማታ ሰውዬው እናቱ ጋ ደወለ።

«ደረሰልህ ልጄ?»

«ደርሷል እማዬ። እግዜር ይስጥልኝ። ስንት ቀን ነው ጉድጓድ የቆየው?»

ሳቀች። «ቀን ማን ቆጥሮት! ስትነካው ይታወቃል እንጂ።»

«እኔ ነክቼ አላወቅሁትማ።»

ትንሽ ዝም አለች። «አንተማ መቼ ተቀምጠህ አየህ። ልጅቷን አምጣልኝ፤ እሷ ትይ።»

በመስከረም፣ ለማሽቃሬ ባሮ፣ ልጁን ይዞ ሊሄድ ተነጋግረው ስልኩን ዘጉ። ከዚያ ቋጠሮውን ፈታ። ልጅቷ መጥታ አጠገቡ ቆመች፤ ሊጡን በጣቷ ነካ አድርጋ አሸተተችው፤ ፊቷን ቋጠረች፤ እንደገና ነካችው። ስለ ክትፎ ግን አልጠየቀችም።