ካሊፎርኒያ፤ ከድንኳኑ ሠፈር እስከ ሌሊቱ አውቶቡስ

ካሊፎርኒያ ሲባል በብዙዎቻችን ዓይን ፊት ድቅን የሚለው የሆሊውድ ሲኒማ፤ የብርቱካን እርሻና የውቅያኖስ ዳርቻ ነው። ይህ ሁሉ መኖሩ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ከሎስ አንጀለስ ተነሥቶ በ101 አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ ሌላይቱንም ካሊፎርኒያ ያገኛታል።

ከሎስ አንጀለስ መሀል ከተማ በስተምሥራቅ፤ ከረዣዥሞቹ ሕንፃዎች ብዙም ሳይርቅ ስኪድ ሮው የሚባል ሠፈር አለ። በቀድሞ ዘመን ባቡሩ እዚያ አጠገብ ይቆም ስለ ነበር፤ በየወቅቱ ሥራ ፍለጋ ለሚመጡ ሰዎች ርካሽ የአንድ ክፍል ሆቴሎች ተሠርተውበት ነበር። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ (ዓመታቱን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ) ከሆቴሎቹ ብዙዎቹ ፈረሱ፤ ድኻው ግን አብሮ አልጠፋም። በ1976 የከተማይቱ ሹማምንት ለድኾች የሚሰጠው ርዳታ በዚያው ሠፈር ተወስኖ እንዲቆይ ዕቅድ አወጡ። እንግዲህ በሳን ፔድሮና በሳን ጁሊያን ጎዳናዎች ዳር የሚታዩት ድንኳኖች እንዲያው በአጋጣሚ የበቀሉ አይደሉም።

በጥር 2024 በተደረገው ቆጠራ በግዛቲቱ ቤት የሌላቸው ሰዎች ከ187,000 በላይ ነበሩ፤ ከ3 እጅ 2ቱ የሚያድሩት ሜዳ ላይ ነው። በዚያው ዓመት በሰኔ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፤ ከተሞች በአደባባይ የሚያድረውን ሰው ለመቅጣት እንደሚችሉ ፈረደ። ተቀጪው የት ሄዶ ይደር የሚለው ጥያቄ ግን መልስ አላገኘም።

«ፀሐዩን ሽተው ከሌላ ግዛት የመጡ ናቸው» የሚል ወሬ በዚያ አገር ይዘወተራል። በሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በ2023 ያወጣው ጥናት ግን፤ ከ10 ሰዎች 9ኙ ቤታቸውን ያጡት እዚያው ካሊፎርኒያ ውስጥ መሆኑን ገለጠ። በራሳቸው ስም ውል ይዘው የተከራዩት እንኳ፤ ግማሾቹ መልቀቃቸውን ያወቁት 10 ቀን ወይም ከዚያ ያነሰ ሲቀራቸው ነው። ከደመወዙ የቤት ኪራይ የሚቈርስ አንባቢ፤ በ10 ቀን ምን ሊሠራ እንደሚችል ራሱ ያስላው።

ጎዳናው ባሕሩን ይዞ ሳንታ ባርባራ ይደርሳል። ነጭ ግድግዳና ቀይ ጣራ ያላት፤ ባለጠጎች የሚወዷት ውብ ከተማ ናት። ከ2004 ጀምሮ በመኪናቸው ውስጥ ለሚያድሩ ሰዎች፤ ሌሊት ሌሊት የሚያቆሙበት የተፈቀደ ቦታ ተሰጥቷቸዋል። ሲነጋ ለቀው ይወጣሉ፤ ከመካከላቸው በቀጥታ ወደ ሥራው የሚሄድ አለ።

ከዚያ በሰሜን፤ በሳን ሆሴ፤ ቤቱ አውቶቡስ ነበር። ቁጥር 22 አውቶቡስ ከሳን ሆሴ ተነሥቶ፤ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ እስካለችው ፓሎ አልቶ ድረስ ለብዙ ዓመታት ሌሊቱን ሙሉ ይመላለስ ነበር። የአገሩ ሰዎች «ሆቴል 22» አሉት፤ ቀልድም ምሬትም ያለበት ስም ነው። ተሳፋሪው ሻንጣውን እግሩ ሥር አድርጎ፤ ራሱን መስኮቱ ላይ ደገፍ አድርጎ ይተኛ ነበር። አውቶቡሱ መጨረሻው ሲደርስ ሁሉም ይወርዱ ነበር፤ ብርዱ ላይ ጥቂት ይቆሙና ለመልሱ ጉዞ ዳግመኛ ይሳፈሩ ነበር።