ሰልከርክ፦ ታግዶ የተመለሰው ጨርቅ

ከኤድንብራ ወደ ደቡብ ስትጓዙ ሰልከርክ የምትባል ትንሽ የስኮትላንድ ከተማ ታገኛላችሁ። እዚያ ታርታን የሚባለው፣ ቀለማቱ አራት ማዕዘን የሚሠሩት የሱፍ ጨርቅ ዛሬም ይሸመናል።

ክሩ ቀለም የሚነከረው ከመሸመኑ በፊት ነው። ቀይ ድር ከአረንጓዴ ማግ ጋር ሲሻገር ዓይናችን ሦስተኛ ቀለም ያያል። ወፍራሙ ጨርቅ ኪልት ለሚባለው የወንዶች ጉርድ ይሆናል። ስሱ ደግሞ ለሸሚዝ፣ ለሻርፕ፣ ለትራስ ልብስ ይመቻል።

በሰሜኑ ደጋ ግን ይህ ጨርቅ አሳስሯል። እ.ኤ.አ. በ1746 በንጉሡ ላይ የተነሣው ዐመፅ ሲሸነፍ፣ የብሪታንያ ፓርላማ ወንዶች የደጋውን ልብስ እንዳይለብሱ ከለከለ። የለበሰ ሰው ስድስት ወር ይታሰር ነበር። ሕጉ የተሻረው በ1782 ነው።

ቤታችሁ ነጠላ ካለ ቀረብ ብላችሁ እዩት፤ በቁመት የተዘረጋው ድር፣ በአግድም የሚያልፈው ማግ ነው። የሰልከርክ ሸማኔም የሚያገናኘው እነዚሁን ሁለቱን ነው።