ለቀጥቃጩ

ወይ አንቺ ሮልስ ሮይስ፣ ወይ የእጅ ልጅ! የዳሞታ ተራራ ጉሙን ሲለብስ፣ የሶዶ ጎዳና በባጃጅ ጩኸት ሲሞላ፣ እኔ አንቺን እናፍቃለሁ። በዚህ ዳገት ስትወጪ ሳላይሽ ቀረሁ። ንጉሥ ይንዳሽ መኳንንት አልገደደኝም፤ የናፈቀኝ የቀጠቀጠሽ ሰው ነው።

በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ሮልስ ሮይስ የሚሸጠው ሻንሲና ሞተር ነበር። ገላሽን የሚሠሩልሽ እነ ሁፐር፣ እነ ባርከር ነበሩ፤ ድሮ የፈረስ ሠረገላ ሲሠሩ የኖሩ የለንደን ቤቶች። አናጢው የእንጨት አጥንትሽን ያቆማል፤ ቀጥቃጩ አሉሚኒየሙን በመዶሻ እያባበለ ኩርባሽን ያወጣል፤ ቀለም ቀቢው ይቀባል፣ ይፍቃል፣ ደግሞ ይቀባል። ለአንድ ሰው ፈቃድ ተለክተሽ፣ እንዲህ ሆነሽ ወጣሽ።

እዚህ ሶዶ አንድ ጋራዥ ውስጥ ባትላሜራ የሚሠራ ልጅ አለ። የተጨረማመተ ፓራፋንጎ ይዞ፣ ከውስጥ ብረት ደግፎ፣ ከውጭ ቀስ እያለ ይመታል። ይመታና ዓይኑን ጨፍኖ መዳፉን ያሳልፍበታል። ዓይን የሳተውን ጉብታ መዳፉ ያገኘዋል። ስቱኮ ለድፎ መገላገል ይችል ነበር፤ አያደርገውም። እንዲህ ያለ እጅ አንቺን ሳይነካ ሊያረጅ ነው፤ አንጀቴን የሚበላኝ ይሄ ነው።

የኛስ በደል! ብረት ቀጥቃጩን ወጋቼ፣ ሸክላ ሠሪዋን ቺናሻ ብለን ለይተን አኖርን። በሠራው ማረሻ አረስን፣ በሠራችው እንስራ ውሃ ቀዳን፤ ልጃችንን ግን ለልጃቸው ነፈግን። አንቺም ዘንድ ቢሆን ያው ነው። በርሽ ሥር፣ እግር በሚረግጥበት፣ ትንሽ ሰሌዳ ተመትታለች፤ የገላ ሠሪው ቤት ስም አለባት፣ የቀጥቃጩ የለባትም።

ኋላ ማሽኑ መጣ፤ ላሜራውን በአንድ ምት ቀርጾ የሚያወጣው። ሁፐርም በ1959 እ.ኤ.አ. ገላ መሥራቱን ተወ። በእኛም አገር፣ ሮልስ ሮይስ በግቢያቸው የነበራቸው ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ሲወርዱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን ነው፤ ፋብሪካ በሚሊዮን ከፈለፈላቸው አንዷ። ለንጉሡ ያለቀሰ አለ፣ በውድቀታቸው እልል ያለም አለ፤ ለመዶሻው ያለቀሰ ግን አልሰማሁም።

ወይ አንቺ! ብትመጪልኝ እዚያ ልጅ ደጃፍ ባቆምኩሽ። መዳፉን በጎንሽ ቢያሳልፍ፣ ቀጥቃጭሽ የቱ ጋ እንደተጨነቀ፣ የቱ ጋ እጁ እንደቀናው ባወቀልኝ። ስሙን ግን እሱም አይነግረኝ፣ አንቺም አትነግሪኝ።