ተቀምጦ የሚያድር ልጅ

«ሲስተር፣ ይሄ ልጅ ጋደም ብሎ አይተኛም፤ ሌሊቱን ጀርባዬን ተደግፎ ነው የሚያነጋው» ብለው አያቱ ሦስት ጊዜ ነግረውኛል። እኔም «እማማ፣ እርስዎ ነዎት ያሞላቀቁት» ብዬ መለስኩላቸው።

በ1999 ዓ.ም. ነው። የምሠራው ራጅ በሌለው ጤና ጣቢያ ነበር። የ6 ዓመቱ ልጅ ያስላል፣ ከስቷል። ለሳንባ ምች ሁለት ጊዜ መድኃኒት ወስዶ ስላልተሻለው የቲቢ መድኃኒት ተጀመረለት። ልጅ አክታ በቀላሉ ስለማይሰጥ ብዙ ጊዜ ቲቢ የምንለው ከምልክቱና ከቤተሰቡ ሁኔታ ተነስተን ነው። እቤት ውስጥ ሌላ የሚያስል ሰው ይኑር አይኑር ግን አልጠየቅኩም፤ አልነበረም።

በሁለተኛው ወር አንድ ጠዋት ፊቱ አብጦ፣ የአንገቱ ደም ሥሮች ተገታትረው መጣ። መመርመሪያ አልጋው ላይ ላጋድመው ስል ከንፈሩ ጠቆረ። ደንግጬ ቀና አደረግኩት። የአያቱ ነገር የገባኝ ያኔ ነው። ቁጭ ሲል ይተነፍሳል፤ ሲጋደም ደረቱ ውስጥ ያለው ነገር የአየር ቧንቧው ላይ ይጫንበታል።

በዚያው ቀን ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጻፈለት። ራጁ ላይ በሁለቱ ሳንባዎች መሐል ትልቅ ነጭ ጥላ ታየ። በልጆች ደረት ውስጥ የሚወጣ ዕጢ ብዙ ዓይነት ነው። ሊምፎማ ከሆነ ዋናው ሕክምናው ኬሞቴራፒ እንጂ ቢላ አይደለም፤ ከኋላ በአከርካሪው አጠገብ ከነርቭ የሚነሳም አለ። ስለዚህ ምንነቱ ሳይለይ አይቀደድም። የእኛ ልጅ በሲቲ ስካንና በደም ምርመራ ቴራቶማ መሆኑ ተገመተ። ገና በማሕፀን ሳለ ያለቦታቸው ከቀሩ ሕዋሳት የሚያድግ ዕጢ ነው፤ ካንሰር ካልሆነ ሙሉ በሙሉ ማውጣቱ ይበቃዋል።

የኦፕራሲዮን ክፍል ነርስ የሆነች የትምህርት ቤት ጓደኛዬ እንደነገረችኝ፣ ሐኪሞቹ አብልጠው የፈሩት ማደንዘዣውን ነበር። ጡንቻ ሲላላ ዕጢው ቧንቧውን ሊዘጋው ይችላል። ስለዚህ ቀና እንዳለ፣ በራሱ እየተነፈሰ በቀስታ አስተኙት፤ ሰርጂኑ ታጥቦ አጠገቡ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ከዚያ የደረቱ አጥንት መሐል ለመሐል ተከፍቶ ዕጢው ወጣ። የፓቶሎጂ ውጤቱም ካንሰር አለመሆኑን አረጋገጠ።

ከውስጡ ቅባትና ፀጉር መገኘቱን እማማ ሲሰሙ ሰው አንዳች ነገር ያበላባቸው መስሏቸው የጎረቤት ስም ሊጠሩ ምንም አልቀራቸው። አብሮት የተፈጠረ መሆኑን ለማስረዳት ግማሽ ቀን ፈጅቶብናል።

አያቶች፣ ሌሊት የምታዩትን እኛ ቀን አናየውም። መድኃኒት ጨርሶም ሳሉ ያልተወው፣ ሲጋደም የሚያፍነው ወይም ጠዋት ፊቱና አንገቱ የሚያብጥ ልጅ ካላችሁ፣ የደረት ራጅ እንዲነሳ ሳታፍሩ ጠይቁ። ትንፋሽ ካጠረው ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ቀና አድርጋችሁ እንደያዛችሁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ። የቲቢ መድኃኒት የጀመረውንም በራሳችሁ አታስቋርጡት።

በእረፍት ቀኔ ልጠይቀው ሄድኩ። የደረቱ ቱቦ ወጥቷል፤ ሳንባው እንዲከፈት የሚነፋው ፊኛ ትራሱ ሥር ወድቋል። በጀርባው ተንጋሎ ተኝቷል። እማማ ጣታቸውን አፍንጫው ሥር አድርገው ትንፋሹን ያዳምጣሉ። ጎንበስ ብዬ «ይቅር ይበሉኝ» ማለት ስጀምር ቀና እንኳ አላሉም።

«እሽ! ቀስ በይ ልጄ፣ እንዳትቀሰቅሺው።»